የዶዘሩን ሰንሰለት ልክ ለኦፕሬተሩ ስጡት

ባለ ሰንሰለት ዶዘር ወይም ኤክስካቫተር በዕድሜው ለጥገና ከሚያስወጣው ገንዘብ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን የሚወስደው ከሥሩ ያለው አካል እንደሆነ የማሽን አምራቾች ለደንበኞቻቸው ደጋግመው ይናገራሉ። ሰንሰለቱ፣ በላዩ የታሰሩት የብረት ጫማዎች፣ ማሽኑን ተሸክመው የሚሽከረከሩት ሮለሮች፣ ከፊት የሚመራው አይድለርና ከኋላ የሚጎትተው ባለ ጥርስ ስፕሮኬት በሙሉ እርስ በርስ እየተፋተጉ የሚሠሩ ብረቶች ናቸው። መፋተጋቸውን ማስቀረት አይቻልም፤ የሚያልቁበትን ፍጥነት መቀነስ ግን ይቻላል። ይህ ብረት ለእኛ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮት ወጥቷል። የዚህን ብረት ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ሰው በእጁ በቀላሉ ሊያስተካክለው የሚችለው የሰንሰለቱን ውጥረት ነው፤ የሚጠይቀውም ጥቂት ግራሶና ሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው። ይህ ሥራ የጋራዥ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ፣ በውልና በክፍያ ተደግፎ፣ ማሽኑ ላይ ለተቀመጠው ኦፕሬተር መሰጠት አለበት ብዬ እከራከራለሁ። ምክንያቴም የሰንሰለት ትክክለኛ ልክ በማሽኑ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ማሽኑ በዚያ ዕለት በሚሠራበት አፈር ጭምር የሚወሰን መሆኑ ነው።

አሠራሩን ላልቀረበው አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ሰንሰለቱ በላይኛው በኩል በአይድለሩና የሰንሰለቱን የላይኛ ክፍል ደግፎ በሚይዘው ተሸካሚ ሮለር መካከል ትንሽ ወደ ታች ይረግባል። ርግበቱ ሆን ተብሎ የሚተው ነው። ለመለካት ማሽኑ በደልዳላ ቦታ ጥቂት ወደ ፊት ይነዳና ፍሬን ሳይያዝ በራሱ እንዲቆም ይደረጋል፤ ከአይድለሩ እስከ ተሸካሚው ሮለር ቀጥ ያለ ጣውላ ይጋደማል ወይም ሲባጎ ይወጠራል፤ ከዚያ እስከ ሰንሰለቱ ዝቅተኛ ቦታ ያለው ክፍተት በማስመሪያ ይለካል። ክፍተቱ እንደ ማሽኑ ዓይነትና መጠን ከሁለት እስከ ስድስትና ሰባት ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛውን የሚናገረው የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ነው። በአንዳንድ ኤክስካቫተሮች ደግሞ ማሽኑ በራሱ ክንድ አንድ ጎኑን ከመሬት ያነሣና ርግበቱ ከሥር በኩል ይለካል። ማጥበቂያው ከአይድለሩ በስተኋላ ያለ ሲሊንደር ነው፤ በፓምፕ ግራሶ ሲገባበት አይድለሩን ወደ ፊት ይገፋውና ሰንሰለቱ ይወጠራል፤ ግራሶው ሲለቀቅ ይላላል። ከሲሊንደሩ ጋር ያለው ትልቅ ሞላ ደግሞ ድንጋይ ሲገባ ወይም ማሽኑ ሲላተም ምቱን ይቀበላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ቀጥሎ ባለው ስሌት ነው። በሁለት ድጋፎች መካከል የተንጠለጠለ ሰንሰለት የሚሸከመው ውጥረት ከርግበቱ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ርግበቱ በግማሽ ሲቀንስ ከሰንሰለቱ የራሱ ክብደት የሚመጣው ውጥረት እጥፍ ይሆናል፤ ወደ ሩብ ሲወርድ አራት እጥፍ። ስለዚህ አምስት ሳንቲ ሜትር መርገብ የነበረበትን ሰንሰለት ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ያጠበቀ ሰው፣ ለእሱ ጥቂት ጠበቅ ያደረገው ቢመስለውም፣ ማሽኑ ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ ውጥረቱን አምስት እጥፍ አድርጎታል። ሞተሩ ሲጎትት የሚጨመረው ጉልበት ከዚህ በላይ የሚመጣ ነው። ዓይን በአምስትና በአንድ ሳንቲ ሜትር መካከል ትልቅ ልዩነት አያይም፤ በፒኑና በቡሹ መካከል ያለው ብረት ግን ልዩነቱን በየዙሩ ይሸከማል።

የጠበቀ ሰንሰለት የሚያደርሰው ጉዳት ዝምተኛ በመሆኑ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። የሰንሰለቱ ቀለበቶች የሚገናኙት በፒንና ፒኑን በሚያቅፈው ቡሽ ነው። ሰንሰለቱ በአይድለሩና በስፕሮኬቱ ላይ ሲታጠፍ ቡሹ በፒኑ ዙሪያ ይዞራል፤ ውጥረቱ በበዛ ቁጥር መዞሩ መፋቅ ይሆናል። ፒንና ቡሹ ከውስጥ ሲፋቁ የእያንዳንዱ ቀለበት ርዝመት በጥቂቱ ይጨምራል፤ የሁሉም ሲደመር ሰንሰለቱ ይረዝማል። የረዘመ ሰንሰለት ደግሞ ከስፕሮኬቱ ጥርሶች ጋር አይገጥምም፤ ጥርሶቹ እየሾሉ፣ የቡሹ ውጫዊ ፊት እየተበላ ይሄዳል። ማሽኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ነገሩ ይብሳል። ወደ ፊት ሲገፋ የሚወጠረው በስፕሮኬቱና በመሬቱ መካከል ያለው አጭር ክፍል ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን የላይኛው ክፍል በሙሉ አይድለሩን ዞሮ እስከ መሬት ድረስ ይወጠራል፤ ብዙ መጋጠሚያዎች በጭነት ውስጥ ሆነው ይታጠፋሉ። የዶዘር ሥራ ደግሞ አፈር ገፍቶ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ የቀኑን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው በመመለስ ነው። ባለጥድፊያ ኦፕሬተር በፈጣን ማርሽ ወደ ኋላ የሚበርበት የጠበቀ ሰንሰለት በአንድ የሥራ ወቅት የሚያጣውን ብረት ልኩን የጠበቀ ሰንሰለት ለማጣት ብዙ የሥራ ወቅት ይፈጅበታል። ለዚህ ሁሉ ጉዳት ድምፅ የለም፤ ጭስ የለም፤ የማስጠንቀቂያ መብራት አይበራም። ማሽኑ ይሠራል፤ ነዳጁ ግን ከወትሮው ይበዛል፤ ከጉልበቱ የተወሰነው አፈር ለመግፋት ሳይሆን ራሱን ለመጎተት ይውላል።

የላላ ሰንሰለት በተቃራኒው ራሱን ያሳያል። በፍጥነት ሲሄድ ይዋዥቃል፤ ከተሸካሚው ሮለር ጋር እየተላተመ ይጮኻል፤ በተለይ በተዳፋት ላይ ሲታጠፍ ከአይድለሩ ላይ ይወጣል። ሰንሰለቱ የወለቀበት ማሽን እስኪመለስለት ድረስ ቆሞ ይውላል፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ማሽን መጥቶ ያግዘዋል። ሁሉም ሰው አይቶት ስለሚደነግጥ ‹‹ከመውለቅ ይልቅ ይጥበቅ›› የሚለው አስተሳሰብ በየሳይቱ ሥር ሰድዷል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ውሳኔው ግን ትክክል አይደለም። የወለቀ ሰንሰለት የግማሽ ቀን ሥራ ያጠፋል፤ ዓመቱን ሙሉ ጠብቆ የሠራ ሰንሰለት ግን ራሱን፣ ስፕሮኬቱን፣ አይድለሩንና ሮለሮቹን ይዞ ይሄዳል፤ የእነዚህ መተኪያ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ማሽኑ የሚቆመው ደግሞ ለግማሽ ቀን አይደለም። በተጨማሪም ሰንሰለት የሚወልቀው በመላላቱ ብቻ አይደለም። ያለቀ አይድለር፣ የተጣመመ የሮለር ፍሬም፣ ሁልጊዜ በአንድ ጎን መታጠፍ፣ በተዳፋት ላይ በኃይል መዞር ሁሉ ያወልቁታል። እነዚህን ሳያዩ ማጥበቅ አንዱን ብልሽት በሌላ መሸፈን ነው።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ፤ የክርክሬ ዋና መሠረት እሱ ነውና። ሰንሰለት ገና ከመነሻው ለአፈር የተሰጠ መልስ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በስቶክተን ከተማ አጠገብ ያለው የወንዝ ደለል ለም ቢሆንም እጅግ የለሰለሰ ስለነበር የእንፋሎት ትራክተሮች ይሰጥሙበት ነበር። የቤንጃሚን ሆልት ፋብሪካ መፍትሔ ብሎ ጎማዎቹን ማስፋት ያዘ፤ አንዱ ትራክተር 14 ሜትር ያህል ስፋት እስኪኖረው ድረስ ሰፋ፤ ይህም አልጠቀመም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1904 ሆልት የኋላ ጎማዎቹን አውልቆ በምትካቸው የእንጨት ጫማ ያለው ሰንሰለት የገጠመበትን ትራክተር ሞከረ፤ ተሳካለትም። ከ21 ዓመት በኋላ ድርጅቱ ከተፎካካሪው ከቤስት ጋር ተዋሕዶ ካተርፒላር የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ዛሬም 20 ቶን የሚመዝን ዶዘር በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከግማሽ ኪሎ ብዙም የማይርቀው፣ የቤት መኪና ጎማ ግን ሁለት ኪሎ ያህል የሚያሳርፈው በዚሁ ብልሃት ነው። ለአፈር ተብሎ የተሠራ ነገር አፈሩ ሲለወጥ መስተካከል ይኖርበታል።

የእኛ አገር አፈር ደግሞ ይህን አብዝቶ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር የማያንስ መሬት የተሸፈነው በጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ እንደ ጡብ ይደርቃል። ማሽን በእርጥብ ዋልካ ውስጥ ሲሠራ ጭቃው በስፕሮኬቱ ጥርሶችና በቡሾቹ መካከል፣ በሮለሮቹና በፍሬሙ ዙሪያ ይታጨቃል። ቡሹ በጥርሶቹ ግርጌ መቀመጥ ሲገባው በታጨቀው ጭቃ ላይ ይቀመጣል፤ የስፕሮኬቱ ዙሪያ እንደሰፋ ይቆጠራል፤ ማንም ሳይነካው ሰንሰለቱ ይወጠራል። ጠዋት በንጹሕ ሁኔታ በመጽሐፉ ልክ የተስተካከለ ሰንሰለት ከሰዓት በኋላ ከልክ በላይ የጠበቀ ይሆናል። የአምራቾች መመሪያ ሰንሰለት ማሽኑ በሚሠራበት ሁኔታ ውስጥ እንዳለ እንዲስተካከል የሚያዝዘው ለዚህ ነው፤ ጭቃ የሚታጨቅበት ሥራ ከሆነ ጭቃው እንዳለ ተለክቶ ላላ እንዲል ይደረጋል። ያው ማሽን በሳምንቱ በሎቤድ ተጭኖ የጥቁር ድንጋይ ተራራ ወደሚቆረጥበት ቦታ ቢሄድ ደግሞ ለጭቃ የተተወለት ልቅነት ጉዳት ይሆናል፤ በድንጋይ ላይ የሚላተመውና የሚወልቀው ያ ሰንሰለት ነው። ማምሻውን ጭቃውን ሳያጸዱ ማሳደርም ሌላ ችግር ያመጣል፤ ዋልካው ሌሊቱን ደርቆ ሮለሮቹን ያስራቸዋል፤ ጠዋት ሰንሰለቱ በማይዞር ሮለር ላይ እየተጎተተ ሮለሩን በአንድ ጎኑ ይሞርደዋል።

እንግዲህ ይህን ለውጥ በጊዜው ማን ሊያየው ይችላል? በወር አንዴ ከዋናው ጋራዥ በፒክአፕ የሚመጣው መካኒክ አይችልም፤ እሱ ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሆኖ የማሽኑን የሥራ ሰዓት የሚቆጥረው ኃላፊም አይችልም። የሚችለው መሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። በሬ የጠመደ ገበሬ ምራኑ ሲላላ እርሻው መካከል ቆሞ ራሱ እንደሚያጠብቀው ሁሉ፣ ዶዘር የሚነዳ ሰውም የሰንሰለቱን ልክ በቦታው መመለስ መቻል አለበት። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪ አብዝተው በያዙ ሠራዊቶች ውስጥ የታንክ ሰንሰለት ውጥረትን ማየትና ማስተካከል የታንኩ ሠራተኞች የዕለት ተግባር ነው፤ ለጥገና ክፍል የሚተው አይደለም። ታንከኛው ደግሞ መሐንዲስ አይደለም፤ በወራት ሥልጠና የወጣ ወጣት ነው። በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች ሰዎች በባለ አራት እግር ሞተርና በአነስተኛ የመስክ መኪና ጎማዎች ፋንታ የጎማ ሰንሰለት ሲያስገጥሙም አምራቾቹ ቁጥጥሩን ለባለቤቱ ይሰጡታል። አዲስ የጎማ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓታት ስለሚለጠጥ ባለቤቱ ቶሎ ለክቶ እንዲያጠብቀው፣ የግራና የቀኙም አቅጣጫ ትይዩ መሆኑን እንዲያይ ይነገረዋል። ጎማ ለባሹም ሆነ ብረት ለባሹ ሰንሰለት የሚፈልገው አንድ ነው፤ አጠገቡ ያለ ሰው እንዲያየው።

በእኛ ሳይቶች ኦፕሬተሩ ይህን የማያደርገው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ችግሩ ከክፍያው አሠራር ነው። ማሽን በብዛት የሚከራየው በሰዓት ነው፤ የሚቆጠረውም ሞተሩ እየሠራ ያለፈው ሰዓት ነው። ባለንብረቱ ማሽኑ በቆመበት ሰዓት ገቢ የለውም፤ ተከራዩ ሥራው እንዲሮጥለት ይፈልጋል፤ ኦፕሬተሩም አበሉና ጉርሻው ከተሠራው ሰዓት ጋር ሲያያዝ ከማሽኑ ወርዶ ጣውላ የሚያጋድምበት ምክንያት አይኖረውም። ሰንሰለቱ ካለቀ የሚገዛው ባለንብረቱ ነው፤ ሰንሰለቱን የሚጨርሰው አሠራር ግን ተከራዩ ሳይት ላይ በየቀኑ የሚወሰን ነው። ወጪው በአንዱ ላይ፣ ውሳኔው በሌላው እጅ፣ ድካሙ በሦስተኛው ትከሻ ላይ በሆነበት ሁኔታ ምክር ብቻውን ምንም አይለውጥም። ስለዚህ በኪራይ ውል ውስጥ በየፈረቃው ለጽዳት፣ ለግራሶና ለሰንሰለት መለኪያ የሚውል የተወሰነ ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ የሚከፈልበት አንቀጽ እንዲገባ እጠይቃለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚህ በኩል ቀዳሚ መሆን ይችላሉ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመው የዛሬው የመንገዶች አስተዳደር ለአሥርት ዓመታት ማሽን ሲያንቀሳቅስና ሥራ ተቋራጮችን ሲቆጣጠር የኖረ ተቋም ነው፤ እሱ በውሉ የሚያስገባው አንቀጽ ወደ ሌላው ገበያ መዝለቁ አይቀርም።

‹‹ሩብ ሰዓት በየቀኑ ብዙ ነው፤ ፕሮጀክቱ ዘግይቷል›› የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እንቁጠረው። ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ 15 ደቂቃ ከዚህ ሦስት በመቶ ያህሉ ነው። ያውም በየቀኑ ማጥበቅ ወይም ማላላት አያስፈልግም። በአብዛኛው ቀን ማየትና መለካት ብቻ በቂ ነው፤ ግራሶ የሚጨመረው ወይም የሚለቀቀው ልኩ ሲሳት ነው። በአንጻሩ ከልክ በላይ የጠበቀ ሰንሰለት በነዳጅ የሚያባክነውን፣ ያለጊዜው የሚመጣውን የመለዋወጫ ወጪና የመቆሚያ ቀናት በአንድ ላይ ያየ ተቋራጭ ሦስት በመቶውን እንደ ኪሳራ ሊቆጥረው አይችልም። የዘገየ ፕሮጀክት ማሽኑ ሲቆምበት ይበልጥ ይዘገያል።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የደኅንነት ነው፤ በአክብሮት መመለስ አለበት። የማጥበቂያው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግራሶ እጅግ ከፍተኛ ግፊት አለው። የማላያ ቫልቩ በፍጥነት ከተፈታ ግራሶው ወይም ቫልቩ ራሱ ተወንጭፎ ሰው ሊገድል ይችላል፤ በቀጭኑ የሚፈናጠር ግራሶ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ከላይ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም ከውስጥ ሥጋውን ስለሚመርዝ በአስቸኳይ በቀዶ ሕክምና መታየት ያለበት ነው። ሞላውም በብዙ ቶን ኃይል የታመቀ ነው፤ ያለ ልዩ መሣሪያ የሚፈታው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ታዲያ ይህን ለኦፕሬተር መስጠት አደጋ አይደለም ወይ? መልሴ አደጋው አሁንም አለ የሚል ነው። ሳይት ላይ ሰንሰለት ሲጠብቅበት፣ መካኒክ ሩቅ ሲሆን፣ ኦፕሬተሩ ወይም ረዳቱ ቁልፍ ይዞ ቫልቩን ይፈታዋል፤ የሚፈታው ግን ማንም ሳያሳየው ነው። ክልከላው ሥራውን አያስቀረውም፤ ዕውቀቱን ብቻ ነው የሚያስቀረው። ማወቅ ያለበት ደግሞ ጥቂት ነው፦ ፊቱንና አካሉን ከቫልቩ ትይዩ ማራቅ፣ ቫልቩን ቀስ ብሎ ከአንድ ዙር ሳያሳልፍ መፍታት፣ ግራሶው አልወጣ ሲል ቫልቩን ጨርሶ ከማውለቅ ይልቅ ማሽኑን በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ፣ ይህም ካልሠራ ማቆምና መካኒክ መጥራት፣ ሞላውን ፈጽሞ አለመንካት። ወሰኑ ግልጽ ይሁን፤ መለካት፣ ግራሶ መጨመርና መልቀቅ የኦፕሬተሩ፣ ሲሊንደሩንና ሞላውን መፍታት የጋራዡ። የልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ መንጃ ፈቃድም ሆነ የሲ.ኦ.ሲ. የብቃት ምዘና ኦፕሬተሩ ቦይ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ መቻሉን ያህል ሰንሰለት ለክቶ በጥንቃቄ ማስተካከል መቻሉን በተግባር ቢፈትን ተገቢ ነው።

ቴክኖሎጂው ይህን ጣጣ አስቀርቶታል የሚሉም አሉ። እርግጥ ነው፣ በዘመናዊ ሰንሰለቶች ውስጥ ፒኑና ቡሹ በዘይት እየረሰረሱ፣ በማሸጊያ ተዘግተው ይሠራሉ፤ ከውስጥ የሚመጣው መፋቅ በእጅጉ ቀንሷል፤ ሰንሰለቱም እንደ ድሮው ቶሎ አይረዝምም። ነገር ግን ዘይቱ ያለው ከውስጥ ነው። የቡሹ ውጫዊ ፊትና የስፕሮኬቱ ጥርስ፣ የሰንሰለቱ ሐዲድና ሮለሩ አሁንም ደረቅ ብረት ለደረቅ ብረት፣ በመካከላቸው አሸዋና ድንጋይ ይዘው ይፋተጋሉ። እንዲያውም ከልክ ያለፈ ውጥረት ማሸጊያዎቹን ራሳቸውን ይጎዳል፤ ዘይቱ ከፈሰሰ በውድ የተገዛው ሰንሰለት ደረቅ ሰንሰለት ሆኖ ያርፋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ከሌላው ጫፍ የሚመጣው ክርክር ነው፤ ‹‹የእኛ ማሽኖች ያገለገሉ ናቸው፤ ሰንሰለታቸው ያለቀ ነው፤ ምን ይለካል?›› የሚለው። ያለቀ ሰንሰለት ይበልጥ ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት፤ ምክንያቱም መለኪያው ስለ ውጥረት ብቻ ሳይሆን ስለ ቀረው ዕድሜም ይናገራል። በአንድ ወር ውስጥ ደጋግሞ ግራሶ የጠየቀ ሰንሰለት ወይ እየረዘመ ነው፣ ወይ የሲሊንደሩ ማሸጊያ እያፈሰሰ ነው። መርዘሙ በጊዜው ከታወቀ ፒኖቹንና ቡሾቹን በግማሽ ዙር አዙሮ ያልተበላው ፊታቸው እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ በሠለጠነ ጋራዥ የሚደረግ፣ የሰንሰለቱን ዕድሜ በብዙ የሚያራዝም ሥራ ነው። የሚቻለው ግን ቡሹ ከውጭ ሳይሳሳ፣ ሳይሰነጠቅ ሲደረስበት ብቻ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ በየጋራዡ የሚደረገው አንድ ቀለበት ቆርጦ ሰንሰለቱን ማሳጠር ነው። ይህም የሚደረገው ማጥበቂያው ጫፉ ላይ ስለደረሰ ነው፤ ሲያጥር ሰንሰለቱ የተስተካከለ ይመስላል፤ የእያንዳንዱ ቀለበት ርዝመት ግን እንደረዘመ ነው፤ ከስፕሮኬቱ ጥርስ ጋር አሁንም አይገጥምም። ያ ማሽን ከዚያ በኋላ በየዙሩ ስፕሮኬቱን ይበላል። አዲስ ስፕሮኬት ገዝቶ ባለቀ ሰንሰለት ላይ መግጠምም ያው ነው፤ አዲሱ በአሮጌው ልክ ለመሆን ይጣደፋል። ጥቂት ገንዘብ ያለው ባለንብረት፣ አንድ ማሽን ገዝቶ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው፣ ከትልቁ ድርጅት ይልቅ በዚህ የሚጎዳው እሱ ነው።

የምጠይቀው መሣሪያም ውድ አይደለም። ቀጥ ያለ ጣውላ፣ ማስመሪያ፣ ንጹሕ የግራሶ ፓምፕ፣ ለቫልቩ የሚሆን ልክ የሆነ ቁልፍ፣ የዓይን መከላከያና ጓንት፣ ጭቃ መፋቂያ አካፋ፣ በላዩም የዚያ ማሽን የርግበት ልክ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በካቢኑ ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት። ብዙ ኦፕሬተር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መመሪያ አይቶት አያውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ባለንብረቱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። ከዚህ ጋር ቀን፣ የሥራ ሰዓት፣ የግራና የቀኝ ርግበት፣ የአፈሩ ዓይነትና ግራሶ መጨመሩ ወይም መለቀቁ የሚጻፍበት ደብተር ከማሽኑ ጋር ይሂድ። ማሽኑ ከአንዱ ሳይት ወደ ሌላው ሲዛወር ተረካቢው የነዳጁን መጠንና የመስታወቱን ደኅንነት እንደሚፈርም ሁሉ የሁለቱን ሰንሰለቶች ልክ ለክቶ ይፈርም፤ ከዋልካ ወጥቶ ድንጋይ ላይ የሚወርድ ማሽን የመጀመሪያውን ባልዲ ከማንሣቱ በፊት እንደገና ይለካ። በርክክብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ፣ ሰንሰለቱ ያለጊዜው ሲያልቅ ባለንብረቱና ተከራዩ የሚከራከሩት በግምት ሳይሆን በደብተሩ ላይ ባለው ይሆናል፤ ኦፕሬተሩም ባላጠፋው ጥፋት ደመወዙ አይቆረጥበትም።